«የለባችሁም» የሚለውን ቃል ያስተማርኩበት ዓመት

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የፍኖተ ሰላም ወጣት መምህራን በግ አርደው፣ ጋቢ ገዝተው ሸኙኝ። ስለ እኔ ደግ ደጉን ተናገሩ። በመጨረሻ አንዱ ተነሣና፣ «መምህር ቢያድግልኝ፣ አንድ ነገር ሳይነግሩን ሊሄዱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ለተማሪ የቃል ዝርዝር ሰጥተው አያውቁም። እኛ ስንሰጥ እንኳ ፊትዎ ይጠቁራል። ዝርዝር ምን አድርጎዎት ነው?» አለኝ።

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው። በዚሁ ጉዳይ ኢንስፔክተሮች ሁለት ጊዜ ጽፈውብኛል፤ አንደኛው ደብዳቤ የደመወዝ ጭማሪዬን ዓመት አዘግይቶታል። ግን በምሳ መካከል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና «እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን ጊዜ አለኝ፤ እጄም ገና አልተንቀጠቀጠም።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ከፈረስ ቤት በላይ ባለች አንዲት ደብር ሦስት ዓመት ቅኔ ስቆጥር ቆይቼ፣ ጠላት ደብሩን አቃጠለው፤ የኔታ በዚያው ሰሞን ዐረፉ፤ እኛም ተበተንን። እኔ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ፈጣም ወንዝ ዳር ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። እርሻ አላውቅ፣ ጠመንጃ የለኝ፤ የማውቀው ቃል ማጣመም ብቻ ነበር።

ከአጎቴ ቤት በታች ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ ሴት ከወንድማቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አገሬው «እሜቴ ይመኙ» ይላቸዋል። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው፣ ከውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ ገብተው፣ አሥራ አምስት ዓመት በሐኪምና በበሽተኛ መካከል ቆመው ሲያስተረጉሙ ኖረዋል። ጠላት ከተማውን ሲይዝ ሆስፒታሉ ተዘጋ፤ እሳቸውም ወደ ተወለዱበት ተመለሱ። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሲቀመጡ እግራቸውን እንደ ቀንበር ወደፊት ዘርግተው ነው።

አንድ ቀን የአካባቢው አርበኞች አለቃ፣ ግራዝማች ውባለ፣ ከሱዳን በኩል የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ቀደም ብሎ ሌላ ሰው አንብቦላቸው «መሣሪያ በዚህ ወር ይመጣል» ብሏቸዋል። በዚያ ተማምነው የቡሬን ምሽግ ሊገጥሙ ተሰናድተዋል። እሜቴ ይመኙ ደብዳቤውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው አነበቡ።

«ይመጣል አላለም» አሉ።

«እንዴት አላለም?»

«<ሜይ> ብሎ ነው የጻፈው። ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ይመጣል ሊል ቢፈልግ <ዊል> ይል ነበር።»

ግራዝማች ደብዳቤውን ተቀብለው ቃሉን እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። እሜቴም በጣታቸው አመለከቱ። ሦስት ፊደል ነው። ግራዝማች ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለዚህች ቁራጭ ብዬ ሁለት መቶ ሰው ላስፈጅ ነበር» አሉ። መሣሪያው በዚያ ወር አልመጣም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግራዝማች፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲመጡ አፍና ጆሮ የሚሆነኝ ሰው ያስፈልገኛል ብለው እሜቴን ለመኗቸው። እሜቴ በጉልበታቸው ምክንያት መዝመት እንደማይችሉ ነገሩና፣ «የቄስ ትምህርት የቀመሰ አንድ ሰው ስጡኝ፤ ቋንቋውን በእሱ እልካለሁ» አሉ። አጎቴ እኔን ጠቆሙ።

የእሜቴን አስተማሪነት እንዴት ልንገራችሁ። ደብተር አልነበረንም። ወንድማቸው በሬ አስገብተው ጤፍ ሲያበራዩ እሜቴ አውድማው ዳር ያስቀምጡኝና፣ «ምን እያደረገ ነው?» ይላሉ። እመልሳለሁ። «በየዓመቱስ ምን ያደርጋል?» እመልሳለሁ። «ነገስ?» እዚህ ላይ እሳሳታለሁ። በአማርኛ «ያበራያል» ስንል በየዓመቱም ነው፣ ነገም ነው፤ አንዱ ቃል ሁለቱን ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን የዘወትሩን ከነገው ይለያል። «ቋንቋው <መቼ> ብሎ ይጠይቅሃል፤ ሳትመልስለት አያሳልፍህም» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ «ሄደ» እና «ሄዷል» ነበር። እኛ «ትናንት ሄዷል» ብንል ማንም አይቆጣንም። እሜቴ ግን፣ «ትናንትን ከጠራህ <ሃቭ>ን ልቀቅ፤ <ሃቭ>ን ከያዝክ ትናንትን ልቀቅ» እያሉ ያደክሙኝ ነበር። እኔ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሳየው ወደ ፈጣም እያመለከቱ፣ «ለእንግሊዙ <ባንዳዎቹ ወንዙን ተሻግረዋል> ብለህ በ<ሃቭ> ከነገርከው፣ አሁን ከወንዙ ወዲህ ናቸው ማለትህ ነው፤ ይተኩሳል። ባለፈው ሳምንት ተሻግረው ተመልሰው ከሆነስ? የሚተኩሰው በማን ላይ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ መቀለዴን አላስታውስም።

ግስ ፊት የሚቆሙትን ትናንሽ ቃላት፣ «ማስት»፣ «ሜይ»፣ «ካን»፣ «ሹድ» የሚባሉትን፣ «አሽከሮች» ይሏቸው ነበር። «አሽከር ናቸው፤ ጌታው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው» ይላሉ። ለአንዱም ቢሆን የአማርኛ ፍቺ ሰጥተውኝ አያውቁም። «<ማስት> ማለት ምን ማለት ነው?» ስላቸው፣ «ማን ለማን ነው የሚለው? አዛዥ ለወታደር? ወይስ ጢስ አይቶ እሳት መኖሩን የገመተ ሰው?» ይሉኛል። በሁለቱም ቦታ «ማስት» ይባላል፤ በአንዱ ማዘዝ ነው፣ በሌላው መገመት።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲያስተረጉሙ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ይሰማሉ፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ አይጀምሩም። ከጨረሱ በኋላ አድማጩን፣ «ምን ሰማህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አድማጩ የሰማውን በራሱ አፍ እስኪመልስላቸው ወደ ሌላ አያልፉም። እኔ በልቤ ይህን መንቀርፈፍ አድርጌ አየው ነበር። የቅኔ ቤት ልጅ ፈጣን ነው፤ አንድ ቃል ሰምቶ ሁለት ነገር በመረዳቱ ይመካል።

እንግሊዞቹ ከሱዳን ወታደሮች ጋር በበላያ በኩል መግባታቸው በተሰማ ጊዜ ግራዝማች ጠሩኝ። «አንተ አንድ ነህ፤ ግንባሩ ግን ብዙ ነው። በሦስት ሳምንት አራት ሰው አስተምርልኝ» አሉ። ቀለቤ ሁለት ቁና ሽንብራ፣ ማዕረጌም «መምህር» ሆነ። እንዲህ ሆኜ የዕድሜ ልክ ሥራዬን ጀመርኩ።

አራቱ እነዚህ ናቸው። ሁለቱ ከፈረስ ቤት የመጡ ወንድማማች ዲያቆናት ነበሩ። ሦስተኛው አቶ ኑርዬ ይባላሉ፤ የቡሬ እስላም ነጋዴ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከአጎቴ ይበልጣል። ሱዳን ድንበር ድረስ ቡና እየነገዱ ዐረብኛ ለምደዋልና እንግሊዝኛ ሊጨምሩበት መጡ። አራተኛው ጥጋቡ ነው፤ እኩያዬ፣ የዜማ ተማሪ፣ ድምፁ ያማረ። የሰማው ሁሉ በሰም ላይ እንዳለ ማኅተም ይቀረጽበታል፤ አንድ ጊዜ ከነገርከው አይረሳም። ከሁሉ የምወደው እሱን ነበር።

ሦስት ሳምንት ምን ይበቃል? በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እሜቴ ሞከርኩ። በሬ እያሳየሁ፣ መንገድ እያሳየሁ ጠየቅሁ። አልፈጠነልኝም። ግራዝማች በየሦስት ቀኑ «ደረሱ?» ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት የጠላት አውሮፕላን የጣለውን ወረቀት ሰብስቤ፣ በጀርባው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል፣ ከጎኑ ደግሞ ፍቺውን ጻፍኩ። ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ። «ማስት — አለበት»። «ሜይ — ምናልባት»። «ማስት ኖት — የለበትም»። «ኒድ ኖት — የለበትም»። አራት ቅጂ አዘጋጅቼ አደልኩ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ስጽፍ እጄ አልተጠራጠረም። «ማስት ኖት» እንዳታደርግ ብሎ መከልከል ነው። «ኒድ ኖት» ግን ግድ የለብህም፣ ከፈለግህ አድርግ፣ ካልፈለግህም ተው ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም «የለበትም» አልኩ፤ በአማርኛችን ሁለቱም ያስኬዳልና። ስሕተት ቢሆን ኖሮ እኮ አየው ነበር። ስሕተት አልነበረም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ተማሪዎቼ በወረቀቷ ደስ አላቸው። ጥጋቡ በሁለት ቀን በቃሉ ያዛት። አቶ ኑርዬ ብቻ አገላብጠው አይተው፣ «መምህር፣ ይህች ወረቀት ሚዛን የሌላት ሱቅ ትመስላለች» አሉኝ። ቅር አለኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ተበተኑ። ወንድማማቾቹ ወደ ፈረስ ቤት፣ አቶ ኑርዬ በሊበን በኩል ከሚመጡት የሱዳን ግመለኞች ጋር፣ ጥጋቡም ከቡሬ ምሽግ ፊት ለፊት ከቆመ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ጋር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ከጥጋቡ፣ ከመንደሩ ሰዎችና በኋላም ከመኮንኑ ከራሱ ነው የሰማሁት። መኮንኑ ምሽጉን ለመሰለል ከፈጣም ማዶ ያለች አንዲት መንደር ደረሰ። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ «እንግዲህ ጦር ሊሆን ነው፤ ሴትና ልጅ ይዘን እንውጣ ወይ?» ብለው በጥጋቡ በኩል ጠየቁት። መኮንኑ አሰበና፣ «ዛሬ መውጣት ግድ አይሆንባቸውም፤ ከወደዱ ግን ይውጡ፣ ይችላሉ» አለ። ለ«ግድ አይሆንባቸውም» የተናገረው «ኒድ ኖት» ነበር፤ ለ«ይችላሉ» ደግሞ «ሜይ»።

ጥጋቡ በቃሉ የያዛትን ወረቀት ገለጠ። በዚያ ባማረ ድምፁ፣ «ዛሬ መውጣት የለባችሁም ይላል» አለ። «ሜይ»ን ሲፈልግ ያገኘው «ምናልባት» የሚለውን ነው። «ምናልባት ትወዱ ይሆናል» ብሎ ጨመረ። ይህን ማንም ልብ አላለውም።

አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ አህያ ጭነው ቆመው ነበር። ጭነቱን አወረዱ። ሌሎቹም አወረዱ። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን መጣና በመንደሩ ላይ ቦምብ ጣለ። ሁለት ቤት ወደመ። አንዲት አሮጊትና የአያ ሞላ ባለቤት፣ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ሞቱ። የአያ ሞላ ልጅ፣ ጥሩነሽ፣ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ስለ ነበር ተረፈች።

በማግሥቱ መኮንኑ በእጁም በአፉም «እኮ ይውጡ ብያለሁ» እያለ ቢቆጣ፣ ነገሩ መልኩን ለወጠ። እንግሊዙ ውጡ ካለ፣ አትውጡ ያለው ማነው? ጥጋቡ ነዋ። ጥጋቡን ማን ገዛው? ጣሊያን ነዋ። እኔ ግራዝማች ሰፈር ስደርስ ጥጋቡ እጁን የኋሊት ታስሮ ሾላ ሥር ተቀምጧል። ባንዳ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ቶሎ አልተናገርኩም። መኮንኑ በሌላ ሰው ሲያስተረጉም፣ ጥጋቡ «የተማርኩትን ነው የተናገርኩት» እያለ ሲምል፣ እኔ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ቃሎቹን በአእምሮዬ እያጣጣምኩ ነበር። «ኒድ ኖት» የሚለውን በሰማሁ ጊዜ ወረቀቷ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ያኔ ሁሉ ነገር ገባኝ። ከገባኝም በኋላ ሌላ ሰው ይናገርልኝ እንደሆነ ጠበቅሁ። ጥጋቡ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ስሜን አልጠራም።

«ግራዝማች» አልኩ በመጨረሻ፣ «ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ቃል?»

«ጥጋቡ አልዋሸም። እኔ ያስተማርኩትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ፊታቸው አልተለወጠም። «እንግሊዙ ውጡ አለ፤ ይህ አትውጡ አለ። ይህን የመሰለ ስሕተት አለ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጌታዬ። እርስዎ <ቢያድግልኝ፣ ዘንድሮ ግብር መክፈል የለብህም> ቢሉኝ ምን ማለትዎ ነው?»

«ግብሩን ምሬሃለሁ ማለቴ ነው።»

«<ሰው መግደል የለብህም> ቢሉኝስ?»

«ከለከልኩህ።»

«ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ምሕረት ነው፣ አንዱ ክልከላ ነው። እንግሊዙ ሁለት ቃል አለው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ሰጠሁት።»

የግራዝማች ከንፈር «የለብህም፣ የለብህም» ይላል፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያደረጉ ይሞክሩታል። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ሰው በዓይናቸው ጠቀሱትና የጥጋቡን እጅ ፈታ።

«ያስጠፋኸውን ነፍስ ልትመልሰው አትችልም» አሉኝ። «አንተንም ልቅጣህ ብል ማን ያስተምርልኛል? ግን ለሞላ እኔ ሰው ልኬ አላስነግርም። አንተው ሄደህ ንገራቸው።»

መንገዴ በእሜቴ ይመኙ ደጅ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ጨብጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ወረቀቷን ለስንት ሰው ሰጠህ?» አሉ።

«ለአራት።»

«ጥጋቡ አንድ ነው። ሦስቱ የት ናቸው?»

ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። እኔ የማስበው ስለ ራሴ ኃጢአት ነበር።

«ሞላ ዘንድ ከመሄድህ በፊት ቃሉን ከሦስቱ አፍ አውጣ» አሉኝ። «ሐዘንተኛ ይጠብቅሃል፤ ስሕተት ግን አይጠብቅም። ስንቅ ላስይዝህና ተነሥ።» እህላቸውን ቋጥረው ሲሰጡኝ፣ «ፈጠንክ እንጂ ክፉ አልሆንክም» አሉ። ስለ ጥፋቴ ከአፋቸው የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ፈረስ ቤት ለመድረስ ሁለት ቀን ወጣሁ። ወንድማማቾቹን ሳገኛቸው ቃሉን ገና በሥራ ላይ አላዋሉትም ነበር፤ የእነሱ እንግሊዝ ታሞ ተኝቷል። ወረቀታቸውን ተቀብዬ ቀደድኩ። ተቀምጠንም ምንም ሳልጽፍ፣ መንገዱን፣ በጉን፣ በሩን እያሳየሁ አንድ ቀን ሙሉ ሁለቱን ቃላት ብቻ አስተማርኳቸው። ከዚያ አቶ ኑርዬን ፍለጋ ወደ ሊበን አቀናሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ከግመለኞቹ ጋር ጭነት ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው።

«አያ ኑርዬ፣ ያች ወረቀት የት አለች?»

«ትንባሆ ጠቀለልኩባት» አሉኝ።

«<ኒድ ኖት> ሲባል ታዲያ ምን ይላሉ?»

«እኔ? <ብትሄዱም ግድ የለም፣ ብትቀሩም ግድ የለም> እላለሁ። ያንተ ቃል ሁለት ልብ አለው። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከተናገርክ ገዢው በአንዱ፣ አንተ በሌላው ትሰማና ትጣላለህ። እኔ ቃል ስሸጥ የሸጥኩትን ገዢው ደግሞ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ።»

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

ገመዱን ቋጥረው እስኪጨርሱ ቆዩ። «ነግሬህ ነበር እኮ። አንተ መምህር ነህ፤ እኔ እስላም ነጋዴ ነኝ፤ ደጋግሜ ብነግርህ ነውር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ የሆነውን ነገርኳቸው። ሥራቸውን ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ለሟቾቹ በዐረብኛ የጸለዩትን አልሰማሁትም፤ እጃቸው ሲዘረጋ ግን አየሁ።

እሜቴ «ምን ሰማህ?» የሚሉትን፣ አቶ ኑርዬ በገበያ ልማድ ብቻቸውን ደርሰውበታል። ሁለቱ በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም።

አያ ሞላ ዘንድ ስደርስ የወደመውን ቤት ግድግዳ እንደ አዲስ ይማግሩ ነበር። ልጃቸው ጥሩነሽ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ልጥ ታቀብላቸዋለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብዬ ቆምኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ እንግሊዙ ያለውን፣ እኔ የጻፍኩትን፣ ጥጋቡ የተናገረውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መማገራቸውን አላቋረጡም። እኔም እንዳያቋርጡ እመኝ ነበር፤ ፊታቸውን ላለማየት።

ስጨርስ፣ «አልከለከለንም ነበር ማለት ነው» አሉ።

«አልከለከለም።»

«ከወደድን መውጣት እንችላለን ነው ያለው።»

«አዎን።»

ያን ጊዜ ልጡን አስቀመጡ። «አትጠገብ ብላኝ ነበር» አሉ። «ያ ልጅ እንደ ተናገረ ወዲያው፣ <ሰውዬ፣ ግድ የለባችሁም ማለቱ ነው እንጂ አትውጡ አላለም፤ እንሂድ> ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ <ትእዛዝ ነው፣ ሰምቻለሁ> ብዬ አህያውን ያራገፍኩት። ትእዛዝ ነው እያልኩ ነበር እስከ ዛሬ ራሴን የማጽናናው።»

እውነቱን በመናገሬ የቀራቸውን አንድ መደገፊያ ነጠቅኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት ሰው ሌላ ሸክም ጨመርኩባቸው። አጎንብሼ ቆምኩ።

«ነገርከኝ ብዬ አላመሰግንህም» አሉ። «ሳትነግረኝ ቀርተህ ኋላ ብሰማው ግን አልምርህም ነበር። አሁን ሂድ።» ጥሩነሽ ልጥ እንደ ያዘች ሁለታችንንም ታያለች። ሄድኩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጠላት ቡሬን ለቆ ወጣ። ምሽጉ ውስጥ የጣሊያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ ይኖሩበት የነበረ ረጅም ቤት ነበር፤ ግራዝማች «ትምህርት ቤት ይሁን፣ ቢያድግልኝም ያስተምር» ብለው አዘዙ። ጥጋቡን አብረን እንድናስተምር ለመንኩት። «እንግሊዝኛ ከአፌ አይወጣም» ብሎ ወደ ዜማው ተመለሰ። እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና አንሥቶልኛል። ስለዚያ ቀን ግን አውርተን አናውቅም።

እኔም እንቢ ልል አስቤ ነበር። ሄጄ ለእሜቴ ስነግራቸው፣ «ይህን ቃል ያላወቀ ሌላ መምህር ይምጣላቸው ትላለህ?» አሉኝ። ወደ ቡሬ ተመልሼ ሥራውን ተቀበልኩ።

ትምህርት በተጀመረበት ቀን ልጆች ተሰበሰቡ፤ የአርበኛ ልጆች፣ የነጋዴ ልጆች፣ ሁለት የአቶ ኑርዬ የልጅ ልጆችም አሉ። በሩ ላይ አያ ሞላ ጥሩነሽን እጇን ይዘው ቆመዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት የተለመደ አልነበረም፤ ሰዉ ዞሮ አያቸው። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ተቀበላት» አሉኝ። «መጻፉ ይቆያት። መጀመሪያ መስማት አስተምራት።»

ጥሩነሽ ገብታ ከፊት ተቀመጠች። እሳቸው ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ለዚያ ቀን ፊደል ላስተምር ተሰናድቼ ነበር፤ ተውኩት። በልጆቹ ፊት ቆሜ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«መውጣት የለባችሁም። ምን ሰማችሁ?»

ከኋላ ያለው ልጅ፣ «አትውጡ አሉን» አለ። ከጎኑ ያሉትም «አትውጡ ነው» አሉ። አንዱ የአቶ ኑርዬ የልጅ ልጅ እጁን አነሣና፣ «ከፈለግን እንወጣለን፤ ግዴታ የለብንም» አለ። ሳቁበት። እሱም አፈረ። ክርክር ሆነ፤ አብዛኞቹ በአንዱ፣ ጥቂቶቹ በሌላው።

«አንቺስ?» አልኳት ጥሩነሽን።

ተነሣች። ወደ በሩ ሳትዞር፣ «እናቴ እንደሰማችው ነው የሰማሁት» አለች።

የእናቷን አሟሟት ሁሉም ያውቃል። አያ ሞላ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው ገብተው በመጨረሻው መደብ ላይ፣ በልጆቹ መካከል ተቀመጡ። እኔም ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ እስኪያልቅ ድረስ አልተነሡም።